ናይትሬቱ ለምን አልወርድ አለ? ድሬዳዋ ላይ የኮራል ገንዳ ስንይዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ የኖረ ሰው የማንቆርቆሪያውን ውስጥ ያውቀዋል። በጥቂት ወር ነጭ ድንጋይ ይጋገርበታል። ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ የያዘው ኖራ ይቀራል። ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚኖርበት ገንዳ ውስጥም እንዲሁ ነው። እዚያ ግን የሚቀረው ኖራ ብቻ አይደለም። ከሚበሰብስ ነገር የሚመጣው ናይትሬትም ይቀራል፤ እሱን ደግሞ ዓይን አያየውም።

ይህን እስክረዳ ድረስ ብዙ ኮራል ሞቶብኛል። ከዚራ ያለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። አንድ ሰሞን ናይትሬቱ በሊትር 80 ሚሊግራም ደረሰ። ኮራል ላለበት ገንዳ ከ10 በታች ቢሆን ይመረጣል። ወይን ጠጅና አረንጓዴ የነበሩት ኮራሎች ቡናማ ሆኑ። መስታወቱን ዛሬ ብጠርገው በማግስቱ አልጌ ይለብሳል። «አቦ፣ ዓሣ በዝቶብህ ነው» አለኝ አንድ ወዳጄ። ሁለት ዓሣ ሰጠሁት። ምግብ ቀነስኩ። ውሃ ቀየርኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

የሚገባውን ውሃ አለመለካት

መጀመሪያ መለካት የነበረብኝ ቧንቧውን ነበር። አንድ ቀን መመርመሪያውን ከቧንቧ በቀዳሁት ውሃ ላይ ሞከርኩት። 40 አካባቢ አሳየኝ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው ደቻቱን የመሰሉ ደረቅ ወንዞች ባመጡት አሸዋና ደለል ላይ ነው። ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከፍሳሽ የሚወጣው ናይትሮጅን መሬት ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት ደግሞ በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፣ አፈርም ይዞ አያስቀረውም። ስለዚህ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። መጠኑ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስለሚለያይ የኔን ቁጥር አትውሰዱ። የራሳችሁን ለኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። እንግዲህ 40 ያለው ውሃ በዚህ መለኪያ ይጠጣል። ለኮራል ግን በጣም ብዙ ነው። «እኛ የምንጠጣው ውሃ ለእነሱ ምን ይሆናል?» ብሎ ማሰብ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለኛል።

የተነነውን በቧንቧ ውሃ መሙላት

እኔን የጎዳኝ ይኼኛው ነው።

ኮራል የሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ቀን እስከ 35 ይደርሳል። ስለዚህ ውሃው ላይ ቬንትሌተር እናዞራለን። ቬንትሌተሩ የሚያቀዘቅዘው ውሃውን በማትነን ነው። የኔ ገንዳ በዚያ ወቅት በቀን 5 ሊትር ያህል ይጎድላል። ያንን በየማለዳው ከቧንቧ እየቀዳሁ እሞላ ነበር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 5 ሊትር በ40 ሲባዛ 200 ሚሊግራም ናይትሬት ይሆናል። ለ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር 1 ሚሊግራም ነው። ይህ የአንድ ቀን ጭማሪ ነው። በወር 30 ይሆናል፤ አንድም ዓሣ ባይኖር፣ አንድም ቁራሽ ምግብ ባይገባ። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ የሚተካውም ንጹሕ ውሃ መሆን አለበት። ጨውም አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን ጨው በገባበት ውሃ አትሙሉ።

ማፍላትና ከሰል ላይ መተማመን

«አፍልቼዋለሁ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም። ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ እንዲያውም ያከማቸዋል። የከሰል ማጣሪያም ክሎሪንና ሽታ ያስቀራል፣ ናይትሬቱ ግን ያልፋል።

ይህን ገንዳ የሌለውም ቤተሰብ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ከፍ ያለ ናይትሬት አብዝቶ የሚጎዳው ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ የምታዘጋጁ ከሆነ የፈላ መሆኑ ብቻ አይበቃም።

አርኦ ገዝቶ መርሳት

የሚያዋጣው አርኦ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ውሃውን በግፊት በጣም ረቂቅ በሆነ ሽፋን ያሳልፈዋል፤ ከኋላው ያመለጠውን የሚይዝ ዲአይ ሬዚን ሲጨመርበት የሚወጣው ውሃ ባዶ ይሆናል ማለት ይቻላል። እዚህ ከተማ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው ግፊት ነው። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። ከሮቶ በራሱ የሚወርድ ውሃ ለአርኦ አይበቃም፤ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ያው ኖራ ነው። ሽፋኑን ይደፍነዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ማጠብ ግድ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚለካ ቲዲኤስ መለኪያ ይኑራችሁ። ከዜሮ ከፍ ማለት ሲጀምር ሬዚኑን ቀይሩ።

አርኦ 1 ሊትር ሲያጣራ 3 ወይም 4 ሊትር ይጥላል። ውሃ በሚቸግርበት ከተማ ይህን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነውር ነው። እኔ በጀሪካን አጠራቅመዋለሁ። ግማሹ ወለል ይጠረግበታል፣ ግማሹ ለሎሚው ዛፍ ይሄዳል። ለኮራል መርዝ የሆነው ናይትሬት ለሎሚ ማዳበሪያ ነው።

ውሃ በጥቂቱ ቀይሮ ብዙ መጠበቅ

ናይትሬቱ 80 ሆኖ 10 በመቶውን ናይትሬት በሌለው ውሃ ብትቀይሩ 72 ይሆናል። ልዩነቱን መመርመሪያው ላይ አታዩትም፤ «ውሃ መቀየር አይሠራም» ብላችሁም ትተዋላችሁ። እኔ በየሳምንቱ 20 በመቶ ቀየርኩ። 80፣ 64፣ 51፣ 41 እያለ ይወርዳል። ዓሣዎቹ የሚጨምሩት ሳይቆጠር እንኳ ከ10 በታች ለመድረስ 10 ሳምንት ይፈጃል። አንዴ ግማሹን መቀየር ያፈጥናል፤ ግን ኮራል ድንገተኛ ለውጥ አይችልም። አዲሱ ውሃ በሙቀትም በጨውም ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን፤ ጨዉ በሊትር 35 ግራም ገደማ።

ጅቡቲ ቅርብ ስለሆነች «ሹፌር የባሕር ውሃ በጀሪካን ያምጣልኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እውነት ነው፣ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ዙሪያ የሚያምር ኮራል አለ። ሹፌሩ የሚቀዳው ግን ከወደቡ አጠገብ ነው። እዚያ ነዳጅና ፍሳሽ አለ። ይቅርባችሁ።

መመርመሪያውን በችኮላ መጠቀም

ብዙዎቹ የናይትሬት መመርመሪያዎች ውስጥ ከሥር የሚዘቅጥ ዱቄት ያለው ብልቃጥ አለ። በደንብ ካልተናጠ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ እናንተም ደህና ነኝ ትላላችሁ። መለኪያውንም አንብቡ። አንዳንዱ የሚለካው ናይትሬት ሳይሆን በናይትሬት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ነው። እሱን በ4.4 ማባዛት ያስፈልጋል፤ 10 ያለው 44 ማለት ነው። ብልቃጦቹን ሙቀት ቦታ አታስቀምጡ።

የሁሉም እጅ ገንዳው ውስጥ

ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ጨዋታው ይደራል፣ አንዱ ተነስቶ ለዓሣዎቹ ቆንጠር ያደርጋል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይደግማሉ። ያልተበላው ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል፣ በመጨረሻ ናይትሬት። እንግዳ መከልከል በኛ ዘንድ ይከብዳል። እኔ የቀኑን ድርሻ ጠዋት በትንሽ ቆርቆሮ እለያለሁ፤ የፈለገ ሰው ከዚያ ይሰጣል፣ ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን አበቃ። በረዶ የሆነ ምግብ ከሆነ አቅልጣችሁ ፈሳሹን ድፉት።

ያልታጠበ ስፖንጅ፣ መብራት ሲጠፋም

የፊልተር ስፖንጅ ቆሻሻ የሚይዘው እኛ እንድናስወግደው ነው። ለወር ከተተወ የያዘው ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል። በሳምንት አንዴ ከገንዳው በወጣ ውሃ እጠቡት። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ዝግ ፊልተር ውስጥ የቆየውን ውሃ ወደ ገንዳው አትመልሱ። ኦክስጅን አልቆበት ሸትቷል። መጀመሪያ ድፉት፣ ከዚያ ፓምፑን አብሩ።

ዜሮ ለማድረስ መሮጥ

ናይትሬት የሚበሉ ባክቴሪያዎችን በአቼቶ መመገብ ይቻላል። ይሠራልም። ግን አረፋ እያወጣ የሚያጠራው ስኪመር በሌለበት ገንዳ አልመክረውም፤ ባክቴሪያው ሲበዛ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። አንድ የማውቀው ሰው ቸኩሎ ብዙ ጨመረና በማግስቱ ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ፣ ዓሣዎቹ ላይ ላይ ሲያለከልኩ አገኛቸው። ለ100 ሊትር በቀን ከ1 ሚሊሊትር ጀምሩ፣ በየሳምንቱ እየለካችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

ዜሮም ግብ አይደለም። ኮራልም ጥቂት ናይትሬት ይፈልጋል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ይገረጣል፣ አንዳንዴም መጥፎ ቡናማ ልጋግ ይወርሰዋል። እኔ በ5 እና በ10 መካከል ሲሆን እተወዋለሁ።

ኮራሎቼ ቀለማቸውን እስኪመልሱ 4 ወር ፈጀ። መጀመሪያ የተመለሰው ወይን ጠጁ ነው፤ ከጫፉ ጀምሮ።