ኬጁን ትተው ኋላ የሚቀሩ ነጥቦች፦ ችግርና መፍትሔ

ይህ ጽሑፍ ዝርዝር ሜሽን (ከነጥቦች፣ ከጠርዞችና ከገጾች የተሠራ የ3ዲ ቅርጽ) በቀላል ኬጅ (ሜሹን በሚከብብ ቀለል ያለ ሌላ ሜሽ) አማካይነት፣ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ሜሽ ዲፎርም ሞዲፋየር (ቅርጽ በሚለውጥ መሣሪያ) ለሚያንቀሳቅሱ ነው። ስኬል አፕላይ መደረጉ (የመጠን ለውጡ በቅርጹ ላይ መጽናቱ) እና ገጸ ባሕርይውን የሚያንቀሳቅሱት አጥንቶች ኬጁን ብቻ መጎተታቸው አስቀድሞ እንደተረጋገጠ እቆጥራለሁ።

ምልክቱ፦ ገጸ ባሕርይው ክንዱን ሲያነሣ አካሉ በአብዛኛው ይከተላል፤ ከትከሻው፣ ከተረከዙ ወይም ከአፍንጫው ጫፍ ግን ጥቂት ነጥቦች በነበሩበት ተገትረው ይቀራሉ፤ ቆዳውም ወደ እነርሱ እየተሳበ እንደ እሾህ ይሾላል።

ምክንያቱ፦ ኬጁ ሜሹን ሙሉ በሙሉ አልከበበውም። ሜሽ ዲፎርም የሚሠራው የፒክሳር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የሃርሞኒክ ኮኦርዲኔት ስሌት ሲሆን፣ ባይንድ ሲደረግ (ሜሹ ከኬጁ ጋር ሲታሰር) የእያንዳንዱ የኬጅ ነጥብ ተጽዕኖ በኬጁ ውስጥ ይሰራጫል እንጂ ግድግዳውን አልፎ አይወጣም። ስለዚህ አንዱ እግር ሌላውን አይጎትትም፤ ከግድግዳው ውጭ የቀረ ነጥብም የሚያንቀሳቅሰው የለውም።

ኬጁን እንዲህ የሚያበላሸው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ዴሲሜት (የገጾችን ብዛት የሚቀንስ ሞዲፋየር) ነው። ዝርዝሩን ሜሽ ኮፒ አድርጎ በዴሲሜት ማሳነስና «ኬጅ ሠራሁ» ማለት የተለመደ ስንፍና ሆኗል። የሚቀሩት ሰፋፊ ገጾች ጉብ ጉብ ያለውን ቦታ ቆርጠው ስለሚያልፉ፣ ዋናው ቆዳ በኬጁ በኩል ወጥቶ ይታያል። ፒያሳ ወደምንሠራበት ክፍል ለእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ የተዘጋጀች እስክስታ የምትመታ ሴት መጥታ ነበር፤ ትከሻዋ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የትከሻዋ ጫፍ አየር ላይ ይቀራል። የላከልን አኒሜተር የኬጁን ዌይት (እያንዳንዱ አጥንት ነጥቦቹን የሚጎትትበትን መጠን) ሲቀባ አድሯል። ኬጁን በዋየር (ጠርዞቹን ብቻ) አሳይተን ስናዞረው ትከሻዋ በሁለቱም በኩል ከኬጁ ወጥቶ ቆሟል፤ ዌይት መቀባት ይህን ፈጽሞ አያድንም።

መፍትሔው፦ ባይንዱን ይፍቱና ገጸ ባሕርይውን ወደ ሬስት ፖዝ (አጥንቶቹ ወዳልተንቀሳቀሱበት መነሻ አቋም) ይመልሱ። የኬጁን ኖርማሎች (እያንዳንዱ ገጽ የሚያይበትን አቅጣጫ) ወደ ውጭ ካስተካከሉ በኋላ ሁሉንም ነጥቦች መርጠው በአልት ኤስ በትንሹ ወደ ውጭ ይግፉ፤ ኖርማሉ የተገለበጠ ገጽ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ብብትና የእግር መገናኛ ላይ ይጠንቀቁ፤ ሲገፉ ሁለቱ ግድግዳዎች እርስ በርስ ይተላለፋሉና እነዚያን በእጅ ይለያዩ። ቀዳዳ መኖሩን በኖን ማኒፎልድ (ያልተዘጉ ጠርዞችን በሚያሳይ) ምርጫ ይፈትሹ፤ ኬጁ ካልተዘጋ ቀሪው ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ እንደገና ባይንድ ያድርጉ።

ኬጁ ደህና ሆኖ ጣቶች ብቻ ከተበላሹ ችግሩ ፕሪሲዥኑ (ስሌቱ ኬጁን በስንት ክፍሎች እንደሚከፋፍል የሚወስነው ደረጃ) ነው። በነባሪው 5 የኬጁ ረጅሙ ጎን ወደ 30 ክፍሎች ይከፈላል፤ 180 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሰው አንዱ ክፍል 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ጣት በውስጡ ይጠፋል። በ7 ክፍሉ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ደረጃ የክፍሎቹን ብዛት ወደ ስምንት እጥፍ ስለሚያሳድግ፣ ባይንድ ከመጫንዎ በፊት ፋይሉን ሴቭ ያድርጉ፤ መብራት አያስጠነቅቅም።

ከባይንድ በኋላ የነጥብ ብዛት ከተቀየረ ሞዲፋየሩ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ሰብዲቪዥን (ገጾችን እያበዛ የሚያለሰልሰው ሞዲፋየር) በሞዲፋየሮች ዝርዝር ከሜሽ ዲፎርም በታች ይቀመጥ።

ነጠላን በአካል ኬጅ ውስጥ ለማስገባት አይሞክሩ። ቀጭን ጨርቅ ሠርተው ነጠላውን ከእርሱ ጋር በሰርፌስ ዲፎርም (ሜሽን ከሌላ ሜሽ ገጽ ጋር በሚያስር ሞዲፋየር) ያስሩት፤ ይህ ሞዲፋየር የተዘጋ ኬጅ አይፈልግም፤ ሆኖም አንድ ጠርዝ ከሁለት ገጾች በላይ ከተጋሩት ባይንድ አያደርግም።