ዕቃው ከተማ ገብቷል፣ ቡዙ ግን ባዶ ነው

ተራ ጭነት አንድ ቀን ቢዘገይ ደንበኛ ይቆጣና ነገሩ ያልፋል። ኤግዚቢሽን ግን ማንንም አይጠብቅም። በሩ በሰዓቱ ይከፈታል፣ ጎብኚው ይገባል፣ እናንተ ባዶ ቡዝ (የማሳያ ቦታችሁ) ውስጥ ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ ቢዝነስ ካርድ ታድላላችሁ። ደግሞ ይህ ጭነት ደርሶ መልስ ነው። ስለ መመለሻው ቀድሞ የሚያስብ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ከታች ያሉት ችግሮች ብቅ የሚሉት ከጉዞው መጀመሪያ እስከ አዳራሹ መዝጊያ ድረስ ነው፤ የተጠነሰሱት ግን ከሳምንታት በፊት፣ አንድ ሰው ቸኩሎ ወረቀት ሲሞላ ወይም ሳጥን ሲያሽግ ነው።

ትራኪንጉ (የጭነት መከታተያው) «ደርሷል» ይላል፣ ዕቃው የለም

መጀመሪያ የት እንደደረሰ ጠይቁ። ትልልቅ ኤግዚቢሽኖች ሁለት መቀበያ አላቸው። አንዱ ዝግጅቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ዕቃ መቀበል የሚጀምር መጋዘን ነው። ሌላው ራሱ አዳራሹ ነው፤ እሱ የሚቀበለው ቡዝ በሚገነባባቸው ቀናት ብቻ ነው። ቀድሞ ወደ አዳራሹ የተላከ ዕቃ ተቀባይ ያጣና ይመለሳል፣ ወይም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። መጋዘኑ መቀበል ካቆመ በኋላ የደረሰ ደግሞ ተጨማሪ ያስከፍላል። ስለዚህ ወደ አጓጓዡ ደውላችሁ የፈረመውን ሰው ስምና የፈረመበትን በር ጠይቁ። «ደርሷል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የድርጅት ስምና የአዳራሹ አድራሻ ብቻ ከሆነ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ተሳታፊዎች ባሉበት ቦታ ማን ይፈልጋችኋል? የኤግዚቢሽኑ ስም፣ የአዳራሹና የቡዙ ቁጥር፣ «3 ከ7» የሚል የሳጥን ቁጥር፣ እዚያው የሚገኝ ሰው ስልክ ይጻፍ። የቢሮ ስልክ አትጻፉ፤ ሰው ሲፈልጋችሁ ቢሮው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ላይ ይለጠፍ። አንዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ ይዞራል።

ሰባት ሳጥን ተልኮ ስድስት ቡዝ ገባ

ይቺ እኔንም ደርሳብኛለች። የጠፋው ስክሪኖቹን የያዘው ትልቁ ሳጥን ነበር። መጋዘኑ «አስረክበናል» ይላል፣ ወረቀቱም ያንኑ ይመሰክራል። ግማሽ ቀን ሙሉ ስዞር ቆይቼ፣ በመጨረሻ ባዶ ሳጥኖች ከሚከመሩበት ቦታ አገኘሁት። ጎኑ ላይ ካለፈው ኤግዚቢሽን የቀረ፣ ጫፉ የተቀደደ «ባዶ» የሚል ስቲከር ነበረበት። ባዶ ሳጥን የሚሰበስበው ልጅ ምን ያድርግ? ስቲከሩን አየ፣ ወሰደው። ክብደቱ እንኳን አላጠራጠረውም፣ ፎርክሊፍት ስለ ክብደት አያማርርም።

አሠራሩን ለማያውቅ፦ ዕቃችሁን አውጥታችሁ ስትጨርሱ ባዶው ሳጥን ላይ የቡዝ ቁጥር ያለበት ስቲከር ትለጥፋላችሁ። ሠራተኞች ወስደው ያከማቹታል፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ ይመልሱታል። እስከዚያ ድረስ አታገኙትም። ስለዚህ አንደኛ፣ ሳጥኑ ከመነሳቱ በፊት ዙሪያውን ዞራችሁ አሮጌ ስቲከርና ባርኮድ በሙሉ ፋቁ። የድሮ ባርኮድ ማሽን ካነበበው ዕቃው ወደ ድሮው አድራሻ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ካቻቢቴ፣ ቻርጀር ወይም ጃኬት ባዶው ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ አትላኩ። የሳጥኑን ብሎኖች በፌስታል ቋጥራችሁ ቡዙ ውስጥ አስቀምጡ፤ ማታ ሳጥኑ ሲመለስ መዝጊያ አትጡ።

ጉምሩክ ላይ ተይዟል

አገር የሚያቋርጥ ጭነት ከሆነ ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተመላሽ ዕቃና ተመላሽ ያልሆነው በአንድ ወረቀት መቀላቀሉ ነው። ለዕይታ ሄዶ የሚመለስ ማሽን በጊዜያዊነት ይገባል። በኤቲኤ ካርኔ (ለጊዜያዊ ማስገቢያ የሚያገለግል የጉምሩክ ሰነድ) ሥርዓት ውስጥ ባሉ አገሮች መካከል ይህ ሰነድ ቀረጥ ሳይከፈል ያሳልፈዋል፤ የሚያገለግለው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። ከሥርዓቱ ውጭ ባሉ አገሮች ደግሞ በዋስትና ወይም በተያዥ ገንዘብ የሚሠራ ጊዜያዊ ማስገቢያ አለ ወይ ብላችሁ ትራንዚተራችሁን ጠይቁ። የምታድሉት ብሮሸር፣ እስክሪብቶና ቲሸርት ግን አይመለስም። ለእሱ የብቻው ኢንቮይስና የብቻው ካርቶን ያስፈልገዋል።

ካርኔ አንዴ ከወጣ በኋላ ዝርዝሩ ላይ ዕቃ መጨመር አይቻልም። «አንድ ላፕቶፕ ብንጨምርስ» የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም በሉት። የሲሪያል ቁጥሮቹንም ከመሣሪያው ላይ ራሳችሁ አንብባችሁ ጻፉ። ካለፈው ዓመት ፋይል ኮፒ ማድረግ ከመፈታተሽ አያድንም።

ሌላው «ናሙና ስለሆነ ዋጋ የለውም» ብሎ ዜሮ መጻፍ ነው። የማይሸጥ ዕቃም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ትክክለኛውን ጻፉ። ዜሮ ያየ መርማሪ ሳጥኑን ያስከፍታል።

ሳጥኑ ራሱም ያስይዛል። ጥሬ እንጨት ከሆነ በእንጨት ተባይ እንዳይዛመት የወጣውን፣ አይኤስፒኤም 15 የሚባለውን ዓለም አቀፍ ደንብ ማሟላት አለበት። ከሚፈቀዱት ዘዴዎች ዋናው በሙቀት ማከም ነው፤ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ «ኤችቲ» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ኮምፔንሳቶ ከደንቡ ነፃ ነው። ጎኑ ኮምፔንሳቶ ሆኖ ከሥሩ ጥሬ እንጨት የተመታበት ሳጥን ግን ነፃ አይደለም። አናጺያችሁ ይህን ላያውቅ ይችላል።

በአውሮፕላን ለሚሄድ፣ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን በካርጎ አይጫንም። መለዋወጫ ባትሪ ካላችሁ ከመታሸጉ በፊት ለጭነት አስተላላፊው ንገሩ።

ሂሳቡ ከተነገረን እጥፍ ሆነ

አየር መንገድ የሚያስከፍለው ከሚዛን ክብደቱና ሳጥኑ ከሚይዘው ቦታ ተሰልቶ ከሚወጣው ክብደት በሚበልጠው ነው። 120 በ80 በ100 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን፣ ሦስቱ ተባዝተው በአየር ካርጎ ለ6,000 ሲካፈል 160 ኪሎ ይወጣዋል። ብዙ ኩሪየሮች ለ5,000 ስለሚያካፍሉ 192 ይሆናል። ሚዛን ላይ 70 ኪሎ ቢሆንም ግድ የላቸውም። የምትከፍሉት ለፎሙና ለአየሩ ነው ማለት ነው። ሳጥን ከማሠራታችሁ በፊት አስሉት።

ከዚያ ደግሞ ከመኪና አውርዶ ቡዝ የማድረስ ክፍያ አለ። ይሄ በአጓጓዡ ዋጋ ውስጥ የለም፤ ብዙ ቦታ የአዘጋጁ ተቋራጭ ነው የሚያስከፍለው። በክብደት ሲሆን ለእያንዳንዱ ርክክብ ዝቅተኛ ክፍያ ይኖረዋል። ሰባት ካርቶን በየቀኑ እየተንጠባጠበ ከደረሰ ያን ዝቅተኛ ክፍያ ሰባቴ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። አንድ ፓሌት ላይ ጠቅልሉት።

ሳጥኑ ደህና ነው፣ ውስጡ ተሰብሯል

ዕቃው ውስጥ ለውስጥ ተንቀሳቅሷል። ሲታሸግ ሳጥኑን ነቅንቁት፤ ድምፅ ካለ አልጨረሳችሁም። ጉዳት ካያችሁ ፎቶ አንሱና የመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ሳትጽፉ አትፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላ የተገኘ የአየር ጭነት ጉዳት በሞንትሪያል ስምምነት በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መነገር አለበት። የአየር መንገዱ ኃላፊነት ግን በኪሎ ሲሰላ 26 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ላይ ይቆማል። ቀላልና ውድ መሣሪያ ላይ ይህ ምንም ማለት ነው። ኢንሹራንሱ መሄጃውን፣ የዕይታውን ቀናትና መመለሻውን እንዲሸፍን አድርጉ።

ዝግጅቱ አለቀ፣ መኪናው ሄዷል

ኤግዚቢሽኑ የሚዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው እንበል። አንዱ ሾፌሩን በ12 ሰዓት ና ይለዋል። ባዶ ሳጥኖቹ እስኪመለሱ ሰዓታት ያልፋሉ፣ ሾፌሩ ጠብቆ ጠብቆ ይሄዳል። የመልቀቂያው ሰዓት ካለፈ ተቋራጩ ዕቃውን ለራሱ አጓጓዥ ይሰጠዋል ወይም መጋዘን ያስገባዋል፤ ሂሳቡ የእናንተ ነው። መኪናውን ደንቡ ከፈቀደ በማግስቱ ጠዋት ቅጠሩት። የመመለሻ ስቲከሮችን ገና ከቢሮ አትማችሁ በፖስታ አምጡ፤ ያን ማታ ማተሚያ ቤት ፍለጋ አትወጡም። የመውጫ ወረቀቱንም ለተቋራጩ አስገቡ። ታሽጎ የተቀመጠ ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሳጥን ባለቤት እንደሌለው ነው የሚቆጠረው።

በካርኔ የገባ ዕቃ ሲወጣ የጉምሩክ ማኅተም መመታቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ገጹንም ፎቶ አንሱት። ማኅተሙ ከተረሳ ዕቃው መጋዘናችሁ ከተመለሰ ከወራት በኋላ የቀረጥ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ዕቃው አገር ውስጥ መመለሱን የሚያሳየውን የመግቢያ ሰነድ ይዛችሁ ካርኔውን ወዳወጣላችሁ የንግድ ምክር ቤት ሂዱ።