ባስ የሚባለውን ዓሣ ስናጠምድ እጃችን የት ላይ ይሳሳታል? የሊፕለስ ክራንክቤይት አጎታተት ስህተቶች

ሳጥኔ ውስጥ ካሉት ማባበያዎች (ትንሽ ዓሣ መስለው መንጠቆ የያዙ ሰው ሠራሽ ነገሮች) ሁሉ ሳላየው የምለየው ይሄኛውን ነው። ሳጥኑን ሳነሳ ይንሿሿል፤ ማኅሌት ላይ እንደሚሰማው ጸናጽል። ሆዱ ውስጥ ትናንሽ የብረት ፍሬዎች አሉ። አሜሪካኖቹ ሊፕለስ ክራንክቤይት ይሉታል። ብዙ ሰው ደግሞ በታወቀው የንግድ ስም ራትል-ትራፕ ብሎ ይጠራዋል።

ሊፕለስ ማለት ከንፈር የለሽ ማለት ነው። ሌላው ክራንክቤይት ከአፉ ፊት የፕላስቲክ ምላስ አለው። ሲጎተት ውሃው ምላሱን ይገፋዋል፣ ማባበያውም ወደ ታች ይጠልቃል። መጎተት ስታቆሙ አብዛኛው ተመልሶ ይንሳፈፋል። ሊፕለሱ ግን ምላስ የለውም። ክሩ የሚታሰረው ጀርባው ላይ ነው። ስትጎትቱት ጭንቅላቱን ደፍቶ ይንቀጠቀጣል፤ ስትተዉት ይሰምጣል። ስለዚህ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚሄድ የሚወስነው እጃችሁ ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው አብዛኞቹ ስህተቶች መነሻቸው ይህን መርሳት ነው።

እኔ የማጠምደው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው። ከዋሽንግተን ዝቅ ብሎ፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ በሚሞላበትና በሚጎድልበት ክፍል። ዲኤምቪ (ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ) ያላችሁ ማታዎማን ክሪክን ወይም ፖሂክ ቤይን ታውቁት ይሆናል። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው ማጥመድ ሲባል የሚያስበው ትል ሰክቶ፣ ወርውሮ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ነው። ቆሮሶም አምባዛም እንደዚያ ይያዛል። ባስ ግን አድፍጦ የሚዘል አዳኝ ነው። እዚህ የምንፈልገው ትዕግሥት ሌላ ዓይነት ነው፤ እጅ ላይ ያለ ትዕግሥት።

ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ፍጥነት መጠምጠም

ይሄ የሁላችንም የመጀመሪያ ስህተት ነው። ማባበያው ራሱ ያሳስተናል። ዝም ብላችሁ ብትጠመጥሙትም ይንቀጠቀጣል፣ ይንሿሿል፣ የሚሠራ ይመስላል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ እንደዚህ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ቀን ከእኔ በዕድሜ ከሚበልጥ የአገሬ ሰው ጋር ጀልባ ተጋርተን ወጣን። ማባበያችን አንድ፣ ቀለሙም አንድ። ጋሼ እስከ ምሳ ሰዓት አምስት ዓሣ ያዙ። እኔ አንድም አልያዝኩም። ከዚያ በኋላ ዘንጌን አስቀምጬ እጃቸውን ማየት ጀመርኩ።

እጃቸው አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ አይሠራም። አምስት ስድስት ዙር ይጠመጥማሉ። ድንገት ለቅጽበት ያቆማሉ። ሁለት ፈጣን ዙር ይጨምራሉ። የዘንጉን ጫፍ ትንሽ ይነቀንቃሉ። ባስ ብዙ ጊዜ ማባበያውን ከኋላ ይከተልና ሳይነክስ ይመለሳል። የሚከተለው ነገር ድንገት ሲደናቀፍ ወይም ሲሸሽ ግን አይታገስም። የታመመ ሻድ፣ ያቺ ባስ የሚወዳት ብርማ ትንሽ ዓሣ፣ ስትዋኝ እንደዚያው ናት፤ ትሄዳለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትነሳለች።

ወጥ አጎታተት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ዓሣው የት እንዳለ ለመፈለግ ከሱ የሚሻል የለም። ግን አንድ ዓሣ ከተገኘ በኋላ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሲነካኝ እጄ ምን እያደረገ ነበር? አቁሜ ነበር? ወይስ አፍጥኜ? መልሱን ካወቃችሁ የቀኑን ግማሽ ሥራ ጨርሳችኋል።

ሣር እንዳይነካ ብሎ ማንሳት

ይህን ክፍል በደንብ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። በማርችና በኤፕሪል ፖቶማክ ውስጥ ያለው ሣር ገና አጭር ነው። ከላይ ላይታይም ይችላል። እንቁላል ሊጥል የተዘጋጀው ባስ እዚያ ሣር ውስጥና ዳር ዳሩን ይቀመጣል። ጀማሪው ግን ማባበያው አንዴ ሣር ይዞ ሲወጣ ይናደድና ከዚያ በኋላ ከፍ አድርጎ ይጎትታል። ማባበያው ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ባዶውንም ይመለሳል።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው ደግሞ ሣሩ ሲይዝበት ቀስ ብሎ ይጎትታል፤ እሾህ የያዘውን ነጠላ እንደሚያስለቅቅ ሰው። ሣር ግን እንደ እሾህ አይደለም። ቀስ ስትሉት ይጠመጠማል። በመጨረሻ የሚመጣላችሁ አንድ እፍኝ አረንጓዴ ነው።

ትክክለኛው ይሄ ነው። ማባበያው የሣሩን አናት ቧጨር እያደረገ እንዲሄድ አድርጉ። በእጃችሁ ትንሽ ክብደት ሲሰማችሁ መጠምጠም አቁሙ። ከዚያ በእጅ አንጓችሁ አጭርና ስል ንጥቂያ ስጡት። ሣሩ ተበጥሶ ማባበያው ተፈናጥሮ ሲወጣ ይሰማችኋል። ወዲያው ልቀቁት። ዓሣው የሚመታው ብዙ ጊዜ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ነው። እዚያ ተደብቃ የነበረች ትንሽ ዓሣ ደንግጣ እንደወጣች ሁሉ ያየዋል፤ ለማሰብ ጊዜ የለውም። አንዳንዴ ቀጣዩን ንጥቂያ ልትሰጡ ስትሉ ክብደቱ ቀድሞ እዚያ ይጠብቃችኋል።

እዚህም ላይ የሚሳሳት አለ። በሙሉ ክንዱ የሚነጥቅ። እንደዚያ ከሆነ ማባበያው ሁለት ሜትር ይዘላል፣ ዓሣው ካለበት ቦታ አልፎ ይሄዳል። የምትፈልጉት አንድ ሁለት ክንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ መልሶ መውደቅ።

ሣር ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ሚልፎይልና ሃይድሪላ ሲነጠቁ ጥርት ብለው ይበጠሳሉ። ድር የሚመስለው ዝልግልግ አልጌ ግን መንጠቆው ላይ ይለጠፋል፤ እሱን ካገኛችሁ ቦታ ቀይሩ። ሃይድሪላ የወንዙ ተወላጅ አይደለም፣ ፖቶማክ ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ዛሬ ግን ብዙ የባስ አጥማጅ እሱን ፍለጋ ነው የሚዞረው። በሙቀቱ ወቅት (ሰመር) አጋማሽ ውሃው ላይ ድረስ ሲደርስና ምንጣፍ ሲሆን ይህን ማባበያ ሣሩ መሐል መወርወር ልፋት ነው። ያኔ ዳር ዳሩን ሂዱ፣ ወይም ሌላ ማባበያ እሰሩ።

ሲወርድ ክሩን ወይ ማጥበቅ ወይ ጨርሶ መልቀቅ

ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ወይም ዓሣው ታች መሬቱ ላይ ሲሆን፣ ከፍና ዝቅ የሚደረግ አጎታተት አለ። ዮ-ዮ ይሉታል። ማባበያውን መሬት ታስነካላችሁ። ዘንጉን ከወገብ እስከ ትከሻ ከፍታ ድረስ ታነሳላችሁ። ከዚያ መልሳችሁ ታወርዳላችሁ። ሲያዩት ሕፃንም የሚችለው ነገር ነው። ችግሩ ያለው አወራረዱ ላይ ነው።

ክሩን አጥብቃችሁ ከያዛችሁ ማባበያው ቀጥ ብሎ አይወርድም። እንደ ዥዋዥዌ ወደ እናንተ እየተወዛወዘ ይመጣል። እየተንቀጠቀጠ መውረዱ ቀረ ማለት ነው፤ ዓሣውን የሚስበው ደግሞ እሱ ነው። ክሩን ጨርሳችሁ ከለቀቃችሁት አወራረዱ ያምራል። ግን ዓሣው ጎርሶ ሲተፋው አታውቁም።

መሐሉን ለማግኘት የዘንጉን ጫፍ ከማባበያው ጋር እኩል አውርዱት። ክሩ ትንሽ ይርገብ፣ ግን አይጠምዘዝ። ዓይናችሁ ክሩ ውሃው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ይሁን። እጅ ከሚሰማው በላይ እዚያ ይታያል። ክሩ ብድግ ካለ፣ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወይም መሬት ሳይደርስ ከቆመ ዓሣ ነው፤ ጎትቱ። ሲወርድ የተነካ ዓሣ ብዙ ጊዜ «ጠቅ» እንኳን አይልም። ዘንጉን ስታነሱ ብቻ ይከብዳችኋል።

አወራረዱ ከማባበያ ማባበያም ይለያያል። ሬድ አይ ሻድ የሚባለው በጎኑ እየተርገበገበ እንዲወርድ ሆኖ የተሠራ ነው። ሌሎቹ በአፍንጫቸው ተተክለው ቶሎ ይወርዳሉ። አዲስ ስትገዙ ጥርት ያለ ውሃ ላይ እግራችሁ ሥር ጣሉትና ተመልከቱት። ያንን ምስል ይዛችሁ ወደ ጥልቁ ወርውሩ።

ሳይቆጥሩ መጀመር

ማባበያው ውሃውን ሲነካ መቁጠር ጀምሩ። መሬት ነክቶ ክሩ ሲላላ ስንት ደረሳችሁ? ስድስት ከሆነ በሚቀጥለው ውርወራ አራት ላይ መጎተት ጀምሩ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሄዳል። ግማሽ አውንስ ማለትም 14 ግራም የሚመዝነውና ሩብ አውንሱ አሰማመጣቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ ማባበያ በቀየራችሁ ቁጥር ቆጠራውን አድሱ።

ለብርዱም ለሙቀቱም አንድ ልማድ

ባስ ደሙ እንደ ውሃው ነው። ውሃው ከ50 ፋራናይት በታች ሲሆን ሰውነቱ ይዘገያል፤ ሩቅ ሄዶ አያሳድድም። ያኔ ማባበያውን መሬት ለመሬት ጎትቱት፣ ትንሽ አንሱት፣ አስቀምጡት፣ ጠብቁ። ከ50 እስከ 60 ባለው መሐል ከላይ የጻፍኩት የሣር ንጥቂያ ጊዜው ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት (ፎል)፣ ሻዶቹ ተሰብስበው ወደ ክሪኮቹ (ወደ ገባር ጅረቶቹ) ጫፍ ሲገቡ፣ አፍጥናችሁ ወደ ላይኛው ውሃ አምጡት። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። በብርድ ጊዜ ሰውነቱን ለማሞቅ ይመስል ይጣደፋል።

ሪሉን፣ ክሩን የሚጠመጥመውን መሣሪያ፣ ደግሞ አትርሱ። 7 ለ 1 የሆነ ሪል እጀታው አንዴ ሲዞር የክሩ ጥቅል ሰባት ጊዜ ይዞራል፤ ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክር ይሰበስባል። 5 ለ 1 የሆነው ከዚህ በብዙ ያንሳል። ዘንግ ተውሳችሁ ከወጣችሁ እጃችሁ ቀስ ያለ ሲመስለው ማባበያው እየበረረ ሊሆን ይችላል።

ውሃው መጉደሉን መርሳት

ይህ ለፖቶማክና መሰሎቹ ብቻ ነው። ውሃው ሞልቶ ሳለ ባሱ ሣሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ሲጎድል ወደ ሣሩ ውጪኛ ጠርዝ ይወጣል፤ ከዚያ በታች ውሃው ወደሚጠልቅበት። ጠዋት አምስት ዓሣ ያገኛችሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሲሆን ማባበያ ለመቀየር አትቸኩሉ። ጀልባውን አንድ ሃያ ሜትር ወደ ውጪ አውጡ። ከመሄዳችሁ በፊት የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ተመልከቱ።

ሲነካ በኃይል መንጠቅ

እዚህ ላይ ያጣሁት ዓሣ ዛሬም ይቆጨኛል። ሲመታኝ በደስታ ዘንጉን ወደ ሰማይ ሰቀልኩት። ዓሣው ዘሎ ወጣ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ማባበያው ተመልሶ ጀልባው ላይ አረፈ። ትልቅ ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ማባበያው ከባድ ነው። ዓሣው አየር ላይ ራሱን ሲነቀንቅ ያ ክብደት መንጠቆውን ይነቅልለታል። ስለዚህ ሲነካችሁ አትንጠቁ። መጠምጠሙን ቀጥሉና ዘንጉን ወደ ጎን ጠረግ አድርጉት። መንጠቆዎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ራሳቸው ይገባሉ። ክሩ ወደ ላይ ሲነሳ ካያችሁ ሊዘል ነው፤ የዘንጉን ጫፍ ውሃው ጋ አድርሱት፣ ክሩ ግን አይላላ።

ዘንጋችሁ ጭራሽ ደረቅ ከሆነ ይህ ሁሉ ይከብዳል። ሰባት ጫማ ገደማ የሆነ፣ እስከ መሐሉ የሚታጠፍ ዘንግ ይሻላል። ክሩ ከ12 እስከ 17 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባለው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ ብሬድ (የተገመደ ክር) የሚመርጡ አሉ፤ ሣሩን ይቆርጣል። ብሬድ ግን አይለጠጥም። በእሱ ከሆነ ዘንጉ የባሰ ለስላሳ መሆን አለበት።

ቀኑን ሙሉ አንድ ድምፅ

ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ድምፁ ይርዳችሁ። ጥርት ብሎ፣ በዚያ ላይ አሥር ጀልባ አልፎበት ከሆነ ግን ያው የሚንሿሿ ነገር ያሰለቸዋል። ፍሬ የሌለውን ጸጥተኛውን ሞክሩ፣ ወይም አንድ ትልቅ ፍሬ ብቻ ያለውን፤ እሱ «ቷ ቷ» ነው የሚለው።

የደነዘዘ መንጠቆና ባዶ እጅ

ከሳጥን እንደወጣ መንጠቆውን ጥፍራችሁ ላይ ሞክሩት። ካንሸራተተ ቀይሩት። ሣርና ድንጋይ ሲነካ የዋለ መንጠቆ በአንድ ቀን ይደነዝዛል።

ዓሣውን ስታወጡ ደግሞ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ ይኑራችሁ። ማባበያው ሁለት ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ አለው። አንዱ ዓሣው አፍ ውስጥ ሲሆን ሌላው ነጻ ነው፤ ዓሣው ሲፈራገጥ የሚገባው አውራ ጣታችሁ ውስጥ ነው። ባስ ሲሆን ታችኛውን ከንፈር ይዛችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ፖቶማክ ላይ ግን በባስ ፋንታ ስኔክሄድ የሚባል ዓሣ ሊመጣ ይችላል፤ ሰውነቱ ረጅም፣ የጀርባው ክንፍ እስከ ጭራው የሚደርስ፣ ጥርሱ ስል። ወንዙ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጣት አፉ ውስጥ አይገባም። በሕይወት ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ወደ ውሃው አትመልሱት፣ እዚያው ግደሉትና በበረዶ ያዙት። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው፤ ለዓሣ ጉላሽ ይሆናል።