ሕልም የሚመስል ሥዕል ሲገጥማችሁ

«ሥዕሉ ላይ ያለው አንበሳ የምን ምልክት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ስሜቱን ያዙ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1897 የሣላትን «የተኛችው ጂፕሲ» እዩ፤ ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ትገኛለች። በረሃ ላይ የተኛች ሴት፣ አጠገቧ አንበሳ። ግን አያስፈራም! ለምን? ጨረቃዋ ሙሉ ናት። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሴትዮዋ ዱላዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል።

ቀጥሎ የጎደለውን ፈልጉ። አሸዋው ላይ ዱካ የለም፤ የሷም፣ የአንበሳውም። እኔ ይህን ያስተዋልኩ ቀን ሥዕሉ ሌላ ሆነብኝ፤ አንበሳው ከሕልሟ የወጣ መሰለኝ።

ምልክቱን ከዚህ በኋላ ጠይቁ። «አንበሳ ማለት ጀግንነት» የሚለው የተለመደ ፍቺ እዚህ ብዙም አያስኬድም። ይሄኛው ጠጋ ብሎ እያሸተታት ነው።