ውሻችንን ወደ ሃዋይ ለመውሰድ የሰነዱን ቅደም ተከተል ያስተካከልሁበት መንገድ

የውሻችን ሰነድ እንከን እንዳለበት ያወቅሁት የቤት ዕቃችን በመርከብ ሊጫን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ሃዋይ የእብድ ውሻ በሽታ የሌለባት በመሆኗ፣ መስፈርቱን ያላሟላ ውሻ ወይም ድመት እስከ 120 ቀን በኳራንቲን (ከሌሎች ተለይቶ በሚጠበቅበት ማቆያ) ሊቆይ ይችላል፤ ከዚህ ለመዳን ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ)፣ ቢያንስ በ30 ቀን ልዩነት የተሰጡ ሁለት ክትባቶች እና የክትባቱን ውጤት የሚያሳይ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የእኛ ውሻ ደም የተወሰደው ቺፑ ከመቀበሩ በፊት ስለነበር፣ ናሙናው የእርሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቁጥር አልነበረም።

መጀመሪያ ያሰብሁት ጉዞውን በሙሉ ማራዘም ነበር። ሆኖም ዕቃውና ውሻው አብረው እንዲሄዱ የሚያስገድድ ነገር ስላልነበረ፣ ዕቃውን በቀኑ ጫንን፤ ባለቤቴ ቤቱን ልትረከብ ቀድማ ሄደች፤ እኔ ቺፑን አስቀብሬ፣ ቁጥሩ በማንበቢያ መሣሪያ መታየቱን አረጋግጬ፣ ደሙን እንደገና አስወሰድሁ። ከደም ምርመራው በኋላ ሃዋይ ከመግባት በፊት መጠበቅ ያለበት 30 ቀን የሚቆጠረው ደሙ ከተወሰደበት ሳይሆን ላቦራቶሪው ናሙናውን ከተቀበለበት ዕለት መሆኑን ባላስተውል ኖሮ፣ ትኬቱን ቸኩዬ በቆረጥሁና ዳግመኛ በተሳሳትሁ ነበር። ሰነዶቹም ከመድረሳችን ከ10 ቀን በላይ ቀድመው እንዲገቡ ላክኋቸው።

የጥበቃው ጊዜ ውሻውን ከመጓጓዣ ሳጥኑ ጋር ለማላመድ ጠቀመኝ (ቀድሞ ሳጥኑን ሲያይ አልጋ ሥር ይሸሸግ ነበር)። ሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ በደረስን ዕለት ወደ ኳራንቲን ሳይገባ ተረከብሁት።