ቴክሳስ ውስጥ የሰፈራችሁ መሬት ወደ ንግድ እንዳይቀየር እንዴት መቃወም ይቻላል

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩት ራሴ ነኝ። ከፒዛ ኩፖን ጋር ተደባልቆ ነበር የመጣው። ከቆሻሻው መልሼ ያነበብኩት ጎረቤት ሲነግረኝ ነው፦ ከጓሮአችን ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ከመኖሪያ ወደ ንግድ እንዲቀየር ተጠይቋል። ዛሬ እዚያ የመኪና ማጠቢያ አለ። ቫኪዩሙን ማታ ማታ መኝታ ቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላኛው ጎን ያለው መሬት ላይ ተመሳሳይ ደብዳቤ መጣ። ያኔ ተምሬ ነበር። የምኖረው ዳላስ አካባቢ ስለሆነ የምጽፈው ስለ ቴክሳስ ሕግ ነው። ሂውስተን ያላችሁ ይቅርታ፣ ከተማችሁ ዞኒንግ (የትኛው መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ እንደሚውል የሚወስን ደንብ) የለውም፤ እናንተ የምትከራከሩት የንብረት ሰነዳችሁ (ዲድ) ላይ በተጻፈው ገደብ ነው።

ደብዳቤውን አንብቡ። የሚላከው ከመሬቱ በ200 ጫማ፣ ማለትም በ60 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ላሉ ባለንብረቶች ነው። ጥያቄውን መጀመሪያ ከሚያየው የከተማው ፕላኒንግ ኮሚሽን ስብሰባ በፊት ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። 10 ቀን ደግሞ እንደ ዋዛ ያልቃል። የኬዝ ቁጥሩን ይዛችሁ ሲቲ ሆል ደውሉና ማመልከቻውን በሙሉ ጠይቁ።

የተጠየቀውን የዞን ዓይነት እዩ። ዴቨሎፐሩ "ትንሽ ካፌ ነው" ይላችኋል፣ የሚያምር ሥዕልም ያሳያል። እኛንም በሥዕል ነው የሸወዱን። ዞኑ አንዴ ከተቀየረ ግን በዚያ ዞን የተፈቀደው ሁሉ ሊሠራበት ይችላል። ዝርዝሩ የከተማው ደንብ ውስጥ አለ፤ አትሙትና ለጎረቤት አሳዩ።

ፊርማ አሰባስቡ። እኔን ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ጊዜ 140 ሰው አስፈረምኩ። በኩራት ይዤ ሄድኩ። የተቆጠሩልኝ ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው! ለካ የሚቆጠረው መሬት እንጂ ሰው አይደለም።

ሕጉ እንዲህ ነው። በመሬቱ ዙሪያ እስከ 200 ጫማ የሚደርስ ቀለበት አስቡ። የዚያን ቀለበት ስፋት 20 በመቶ የያዙ ባለቤቶች በጽሑፍ ከተቃወሙ፣ ለውጡን ለማጽደቅ ከጠቅላላው የካውንስል (የከተማው ምክር ቤት) አባላት የሦስት አራተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። ሰባት አባላት ካሉ ስድስት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሕጉ ሲሻሻል፣ ተጨማሪ መኖሪያ ቤት ለመሥራት የሚጠየቅ ለውጥን መቃወም ከበደ። ለንግድ ሲሆን ግን 20 በመቶው እንዳለ ነው።

ቀለበቱ 400,000 ስኩዌር ጫማ ቢሆን 20 በመቶው 80,000 ነው። እያንዳንዳቸው 8,000 የሚገባላቸው አሥር ቤቶች ከፈረሙ በቃ። ከቀለበቱ ውጪ የሚቀረው የግቢያችሁ ክፍል አይቆጠርም። የመንገዱ ስፋት ስሌቱ ውስጥ ስለሚገባ ከሚበቃው በላይ አስፈርሙ። ተከራይ አይቆጠርም። ሁለት መንገድ አልፎ ያለ ወዳጅም አይቆጠርም። ኦንላይን ፔቲሽን ለዚህ ስሌት ዋጋ የለውም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

የባለቤቶቹን ስም የካውንቲው አፕሬይዛል ዲስትሪክት (የንብረት ዋጋ የሚተምነው መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ። ስሙ እዚያ እንደተጻፈው ይፈረም። ቤቱ በባልና ሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ያስፈልግ እንደሆነና ቀነ ገደቡ መቼ እንደሆነ አስቀድማችሁ ሲቲ ሴክረተሪውን (የከተማውን ጸሐፊ) ጠይቁ።

ከትልልቆቹ ቦታዎች ጀምሩ። እኛ ሰፈር ማዕዘኑ ላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው እናት አሉ። የሳቸው ቦታ ብቻውን ሦስት ቤት ያህላል። ወረቀቱን ሳወጣ መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ መንግሥት ላይ ፈረምሽ ብለው ዶሴ አይከፍቱብኝም?" አሉኝ። እዚህ አገር መብት ነው ብል ማን ይስማኝ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን። በረካው ላይ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ስለዚህ ለማስፈረም የሚሄድ ሰው ሰዓቱን እያየ አይሂድ።

ወረቀቱን ስታስገቡ ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ።

ስብሰባው ላይ ተናገሩ። ኮሚሽኑ ምክር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የሚወስነው ካውንስሉ ነው፣ ሁለቱም ላይ ግን ተገኙ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ሦስት ደቂቃ ነው። "የቤታችን ዋጋ ይወርዳል" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰምተው የጠገቡት ነው። ስለ ትራፊክ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃው፣ ከከተማው የወደፊት ፕላን ጋር ስለመጋጨቱ ተናገሩ። ፎቶ ያዙ። ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ ከሄዳችሁ በኋላ "ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተላልፏል" ሊባል ይችላል። እኛን ሁለት ጊዜ መለሱን፣ በሦስተኛው ግማሹ ሰው ቀረ። ስለዚህ ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ።

የኛ ጉዳይ ድምፅ የተሰጠበት ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ ነው። አምስት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ። ዴቨሎፐሩ ተነስቶ ጠበቃውን መጨበጥ ጀመረ። እኛም ቦርሳችንን አነሳን። ሴክረተሪዋ ማይኩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ "ስድስት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ አልጸደቀም" አለች።