የሆረር ፊልም ገዳዮችን ለማወዳደር፦ ቢላዋው ከእጃቸው ሲወርድ እዩአቸው

ሆረር አይተው የተነሡ ጓደኛሞች ክርክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚጀምረው፤ «ከሁሉም የባሰው እብድ የቱ ነው?» ክርክሩ የሚበላሸውም እዚያው ነው። «እብድ» የምንለው ቃል ሁለት የማይገናኙ ሰዎችን አንድ ላይ ያስራል። አንዱ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚያምን ነው፤ ይህ ሳይኮሲስ ይባላል። ሌላው ሁሉን አጥርቶ ያያል፣ የሚያደርገውንም ያውቃል፣ የሰው ሕመም ግን ጨርሶ አይነካውም። ሳይኮፓት ይኼኛው ነው። ጅማ ውስጥ ጀንፈልና የታጠበ ቡና በአንድ ጆንያ ከትቶ ደረጃ የሚያወጣ ሰው አይገኝም። ገዳዮቹም መጀመሪያ ይለዩ፣ ከዚያ ይወዳደሩ።

ግራ መጋባቱን ካመጡት አንዱ የ1960ው «ሳይኮ» ስሙ ራሱ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የፊልሙ ገዳይ ኖርማን ቤትስ ሳይኮፓት አይደለም። የሞተች እናቱን በውስጡ የሚያኖር፣ በእሷም ድምፅ የሚናገር፣ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሐኪም ይህንኑ ያስረዳል። ፊልሙን ያላየ ካለ ይቅርታ፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ለማወዳደር አራት ፊልም ይበቃል፦ «ሳይኮ» (109 ደቂቃ)፣ የ1978ቱ «ሃሎዊን» (91 ደቂቃ)፣ የ1991ዱ «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» (118 ደቂቃ) እና የ2007ቱ «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» (122 ደቂቃ)። የመጨረሻው ሆረር አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ግን ሚዛኑን የምናስተካክልበት ድንጋይ እሱ ነው። በ2014 የታተመ የሁለት ቤልጂጋውያን ሳይካትሪስቶች ጥናት 400 ፊልሞችን አይቶ 126 ገጸ ባሕርያትን ሲመረምር፣ ለእውነተኛ ሳይኮፓት በጣም ከቀረቡት መካከል ያስቀመጠው የዚህን ፊልም ገዳይ፣ አንተን ሺገርን ነው። በድምሩ 440 ደቂቃ ነው። በሁለት ቅዳሜና እሑድ፣ በቀን አንድ ፊልም ብቻ እዩ። ሁለት በአንድ ምሽት ከታየ የሁለተኛው ነጥብ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ጥላ ያርፍበታል።

ቀኑን ስትመርጡ ዝናቡን አስቡ። «ኖ ካንትሪ» ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ፍርሃቱ ያለው በኮቴ፣ በበር እጀታና በትንፋሽ ላይ ነው። የሐምሌ ዝናብ የጅማን ቆርቆሮ ሲደበድብ ከዚያ ውስጥ አንዱም አይሰማም። ወይ ለታኅሣሥና ለጥር አቆዩት፣ ወይ በጆሮ ማዳመጫ እዩት። ከላይ አማርኛ የሚተረክበት ትርጉም ፊልምም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ተራኪው ዝምታ አይወድም፤ ገዳዩ ዝም ባለበት ሁሉ እሱ ይናገራል። በዚያ ላይ ሁሉንም «እብዱ» ብሎ ይጠራቸዋል፣ ሥራችሁ ደግሞ ይህንኑ መለየት ነው። የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ።

እያንዳንዱ ተመልካች ለየፊልሙ አንድ ወረቀት ይያዝ። ስድስት ጥያቄዎች ይጻፉበት፦ ሳይቸገር ይዋሻል? አፈ ቅቤ ነው? ራሱን ከሰው ሁሉ በላይ ያያል? ጸጸት የለውም? ሰውን እንደ ዕቃ ይጠቀምበታል? ለሠራው ሌላውን ተጠያቂ ያደርጋል? ከሌለ 0፣ በከፊል ካለ 1፣ በግልጽ ከታየ 2። ፊልሙ ስለዚያ ምንም ካላሳየ 0 አይጻፍም፣ ሰረዝ ነው የሚጻፈው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አይዋሽም» እና «ሲዋሽ አላየንም» አንድ አይደሉም። በመጨረሻ የተገኘው ነጥብ፣ መልስ ላገኙት ጥያቄዎች ሊሰጥ ለሚችለው ከፍተኛ ነጥብ ይካፈላል።

ጥያቄዎቹ ካናዳዊው ሮበርት ሄር ባዘጋጀው መመዘኛ ውስጥ ያሉ ባሕርያትን ይነካሉ። ያኛው ግን 20 መለኪያዎች አሉት፣ ከፍተኛው ውጤት 40 ነው፣ ሳይኮፓት ለመባል በሰሜን አሜሪካ መለያው 30 ነው። የሚሞላውም የሠለጠነ ባለሙያ ነው፣ ቃለ መጠይቅ አድርጎና የሰውየውን መዝገብ አገላብጦ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት አከራያችሁን እንዳትመዝኑ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ ከተማሪዎቹ አንዱን ከጋበዛችሁ በሳይኮሲስ ጉዳይ ከክርክር ትድናላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ገዳዩ ሲገድል ነጥብ አትስጡ፤ ቢላዋ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው። የሚለያዩት ሲበሉ፣ ሲያወሩና ሰው ሲጠብቁ ነው።

የሺገርን የነዳጅ ማደያ ትዕይንት ሁለት ጊዜ እዩት። ባለ ሱቁ ሽማግሌ እንደ ማንኛውም ባለ አገር፣ በእናንተ በኩል ዝናብ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለእኛ ይህ ሰላምታ ነው። ሺገር ግን «በእኛ በኩል» ማለት ወዴት ነው ብሎ ሰላምታውን ወደ ምርመራ ይለውጠዋል፣ አንዲቱን ደግ ቃል ይዞ ሽማግሌውን ላብ በላብ ያደርገዋል። የጨመደደውን የለውዝ መጠቅለያ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ላስቲኩ በራሱ ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ካሜራው እሱን ይጠብቃል። ከዚያ ሳንቲም ይወረወራል። ማንም አይሞትም። ፍርዱን ለሳንቲሙ ስለሚያስረክብ በስድስተኛው ጥያቄ 2 ያገኛል። በውሸት 1፣ በአፈ ቅቤነት 0፣ በቀሩት ሦስቱ 2፦ ከ12 ዘጠኝ፣ 75 ከመቶ።

ኖርማን ላይ የምትቆሙበት የተገደለችው ሴት መኪና ረግረግ ውስጥ የምትሰጥምበት ነው። ቆሞ እያላመጠ ያያል፤ መኪናዋ መሐል ላይ ቀጥ ስትል ማላመጡን ያቆማል። በዚያች ቅጽበት ክፍሉን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሁሉም ሰው መኪናዋ እንድትሰጥም እየፈለገ ነው። የዳይሬክተሩ ተንኮል ይህ ስለሆነ ለኖርማን የሚሰጠው ነጥብ ወይ በጣም ይወርዳል ወይ ከንዴት የተነሣ ይወጣል። ረጋ ብሎ ለሚሞላ ውሸት 1 (ይንተባተባል)፣ አፈ ቅቤነት 1፣ በእናቱ ላይ ማላከክ 2፣ ሌላው 0። ከ12 አራት፣ 33 ከመቶ። በስሙ ሳይኮ የተባለው ከሺገር ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

የ«ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ»ው ሃኒባል ሌክተር በፊልሙ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው የሚታየው፣ ግን ከስድስቱ አምስቱን ይሞላል፤ ስድስተኛው ላይ ሰረዝ ነው። ከ10 አሥር። ሙሉ ነጥብ ሲመጣ ልትጠራጠሩ ይገባል። እንዲህ የተጣራ ዕውቀት፣ እንዲህ ያለ ጣዕም ያለው ሰው የደራሲ እጅ ሥራ ነው። የተዋናዩን ውበት ለገጸ ባሕርይው ነጥብ አድርጎ መስጠትም በብዛት የሚደርሰው በሌክተር ላይ ነው።

የ«ሃሎዊን» ገዳይ ማይክል ማየርስ ወረቀቱን ይሰብረዋል። አንድ ቃል አይናገርም። ጸጸት የለውም (2)፤ አንሶላ ለብሶ፣ የገደለውን ልጅ መነጽር ከላይ አድርጎ ስለሚያታልል ውሸት 1 እንስጠው፤ ሌላው ሁሉ ሰረዝ ነው። ከ4 ሦስት፣ 75 ከመቶ፣ ማለትም ከሺገር እኩል! ይህ ውጤት ባዶ ነው። ስለዚህ ከአራት በታች ጥያቄ የተመለሰለትን ገዳይ ከሰንጠረዡ አውጡትና ለብቻው ያዙት፤ እሱ ሰው ሳይሆን ጭንብል ነው። ለማረጋገጥ አንዱን የማሳደድ ትዕይንት ድምፁን ዘግታችሁ አንድ ደቂቃ እዩ። ፍርሃቱ ግማሹ ከፒያኖው ጋር ይሄዳል።

ተከታታይ ክፍሎችን አትቀላቅሉ፤ አንድ ወረቀት ለአንድ ፊልም። በ«ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» የታወቀው ጄሰን በ1980ው የመጀመሪያ ክፍል ገዳዩ አይደለም፣ እናቱ ናት፤ የሆኪ ጭንብሉንም ያጠለቀው በ1982 በሦስተኛው ክፍል ነው። የሬሳ ቁጥርም አትቁጠሩ፤ ክፍል በበዛ ቁጥር ሬሳም ይበዛል፣ የሚነግራችሁ ስለ ገበያው ነው።

አምስተኛ መጨመር የፈለገ የ2000ውን «አሜሪካን ሳይኮ» ይውሰድ፣ ግን በሁለት ወረቀት። ፊልሙ ግድያዎቹ መፈጸማቸውን ወይም በፓትሪክ ቤትማን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መሆናቸውን አይወስንም። አንዱን «እውነት ነው» ብላችሁ፣ ሌላውን «ቅዠት ነው» ብላችሁ ሙሉ። ሁለቱም ወረቀቶች ላይ የማይለወጠውን ነጥብ የምታገኙት በቢዝነስ ካርዱ ትዕይንት ነው፤ የባልደረባው ካርድ ከእሱ በለጠና ሰውየው አላበው።